የሚሰጥም መቅዘፊያ

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ስጠልቅ የማደርገው የቀኝ እግሬ መቅዘፊያ ዛሬ ተቀደደ፤ እግር ከሚገባበት አፉ ጀምሮ እስከ መሀሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ ጥቁር ጎማ ነው፤ እሱን አልቀየመውም። የምቀየመው መሐንዲሱን ነው። አዲሱ የወደብ መሐንዲስ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ የሚዞረው፣ ቢሮው ጠርቶኝ፣ "አባባ፣ በዚያ በአሮጌው የስፖንጅ ልብስ መጥለቅ ቀርቷል። ውሃው ተበክሏል። ከእንግዲህ ውሃ የማያስገባውን ነው የሚለብሱት" አለኝ። ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የተገፈፈ ቆዳ ይመስላል።

"ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ራስዎ ላይ ካሜራ አስረው ይወርዳሉ። ደለሉን ሳያነሡ፣ አግድም ተዘርግተው ሲሠሩ ማየት አለብኝ። ካልሆነ ጠላቂ ከውጭ እንቀጥራለን።"

እኔን ሊፈትነኝ! እሱ ሲወለድ እኔ ውሃ ውስጥ፣ የወደቡ አራተኛ ምሰሶ ሥር ነበርኩ።

የአዲሱ ልብስ ቦት ጫማ ከአሮጌው መቅዘፊያ አፍ አይገባም። ስለዚህ ጎማው ቢጠገንም አይረባኝም። አዲስ መግዛት የግድ ነው።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

የመዋኛ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ግድግዳው ሁሉ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ሮዝ። የልጆች ልደት መሰለኝ። ባለሱቋ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት። መጥለቅም አስተምራለሁ ትላለች።

አንዱን መቅዘፊያ አነሣሁ። እንደ ገለባ ቀለለኝ።

"ይሄ ውሃ ላይ ሲጥሉት ይሰጥማል ወይስ ይንሳፈፋል?"

"ይንሳፈፋል አባባ። ቢወልቅብዎ እንኳ አይጠፋም።"

"እኔ መቅዘፊያ የሚወልቅብኝ ሰው እመስላለሁ?"

ሣቀች። የሚያስቅ ነገር አልተናገርኩም። ከዚያ አስረዳኋት፤ ለማንም ግልጽ ሊሆን የሚገባውን። ውሃ የማያስገባው ልብስ ውስጡ አየር አለ። አየር ሁልጊዜ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ጠላቂው ተጋድሞ ሲሠራ እግሩ ትንሽ ከፍ ካለበት አየሩ ሁሉ ወደዚያ ይሮጣል። እግሩ ፊኛ ይሆናል፤ ሰውየው ተዘቅዝቆ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ይህ እንዳይሆን በራሱ ክብደት የሚሰጥም መቅዘፊያ ያስፈልጋል፤ እግርን ወደ ታች የሚይዝ።

"ልክ ነዎት" አለችኝ። ልክ መሆኔን ከእሷ ለመስማት አልሄድኩም።

የሚሰጥም ነው ያለችውን ግራጫ አወጣችልኝ። "ግን ባሕሩ ላይ ይሞክሩት፣ ከቧንቧ ውሃ ይለያል።"

"ውሃ ውሃ ነው" አልኳትና ይዤ ወጣሁ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ጓሮ ባለው በርሜል ሞከርኩት። ባለቤቴ መስኮት ከፍታ፣ "አንተ ሰውዬ! ልብስ የማጥብበት ውሃ ነው!" አለች። መቅዘፊያው ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በርሜሉ ሥር ገብቶ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሦስቱንም ጊዜ ሰጠመ። ወረቀት ከሚያነብ ዐሥር ሰው ዐይኑ ያየ አንድ ሰው ይበልጣል። እኔ ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ ውሃ ነው።

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ከንቱ ቀን።

በአዲሱ ልብስና በአዲሱ መቅዘፊያ ወረድኩ። ገመዴን እንደ ወትሮው ልጄ ይዛለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደቡ ላይ ገመዴን የያዘችው እሷ ናት፤ ደመወዟም ለዚሁ ነው። ምልክቱ የራሴ ነው፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት። አንድ ጊዜ መሳብ፦ ደህና ነኝ። ሁለት፦ ገመድ ልቀቂ። ሦስት፦ አውጪኝ። አንድ የተሳበለት ሰው አንድ መልሶ ይስባል። መልስ ካልመጣ ይወጣል። ክርክር የለም።

ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ስደርስ እግሬ ተነሣ። ብጎትተው አይወርድም። ራሴ ደለል ውስጥ፣ እግሬ ሰማይ። ከላይ የወደቡ ክሬነኛ ድምፅ ውሃ ውስጥ ድረስ ተሰማኝ ብል አላጋነንኩም።

"ዳክዬ! ዛሬ በየት በኩል ነው የምትተነፍሰው?"

ሃያ ዓመት ሙሉ ዳክዬ ይለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ አላሳቀኝም።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

መሐንዲሱ ሰምቷል። "ቁርጭምጭሚትዎ ላይ የእርሳስ ክብደት ቢያስሩስ?" እግረ ሙቅ ሊያስገባልኝ ነው። እስረኛ አይደለሁም አልኩት።

ልብሱ ነው ጥፋተኛው። መቅዘፊያው ይሰጥማል፤ በዐይኔ አይቻለሁ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለት ባልዲ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አንዱ የቧንቧ ውሃ፣ አንዱ ከወደቡ የተቀዳ። ግራጫውን መቅዘፊያ የቧንቧው ውስጥ ጣለችው፤ ሰጠመ። ከዚያ አውጥታ የባሕሩ ላይ ጣለችው። ተንሳፈፈ። እንደ ቅጠል።

"ጨው ነው አባዬ። ጨው ያለበት ውሃ ዕቃ ይሸከማል።"

"ይህን ለኔ ትነግሪኛለሽ?"

"ለማን ልንገር? በርሜሉ ጋ የሄድከው አንተ ነህ።"

ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች፣ "ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል" አለች። ለማን እንደተናገረችው አልጠየቅኋትም።

ከዚህ በፊት ማንም አልነገረኝም። ባለመነጽሯ ነግራኛለች ማለት ይቻል ይሆናል። ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም።

ኅዳር 17፣ ሰኞ

ግራጫውን መለስኩ። ባለመነጽሯ በጨርቅ አድርቃ ሰቀለችው። ወፍራሙን ጥቁር ጎማ አዘዝኩ፤ እንደ ድሮው ዓይነት፣ አፉ ሰፊ። "ከባድ ነው አባባ፣ ጠንካራ እግር ይፈልጋል" አለችኝ። የኔን እግር የት አይታው ነው?

የሱቁ ደረጃ ላይ አዳለጠኝ። ሰም ቀብተውት መሆን አለበት።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

መቅዘፊያው መጣ። በባሕር ውሃ ባልዲ ሞከርኩት። እንደ ድንጋይ ወረደ። ባልዲው ሥር ሲመታ ድምፁ ተሰማ። ደስ የሚል ድምፅ ነው።

ኅዳር 28፣ ዓርብ

እግሬ ተቀመጠ! አየሩ ደረቴ ላይ ቀረ፤ አግድም ተዘርግቼ ከደለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብዬ እስከ ሦስተኛው ምሰሶ ሄድኩ፤ አንዲት ብናኝ አላነሣሁም። መሐንዲሱ ካሜራውን ያምጣ።

አንድ እንከን ብቻ። የግራው ይከብዳል። ከቀኙ ጋር እኩል አልሠሩትም። ቀኙ ሲገፋ ግራው ይጎተታል፤ ሳላስበው ወደ ግራ እዞራለሁ። ፋብሪካው የሠራው ስሕተት ነው።

ኅዳር 29፣ ቅዳሜ

በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኋቸው። እኩል ናቸው። ባለቤቴ ሚዛኑን ነጥቃኝ በሳሙና አጠበችው። "ጎማ ጎማ ሸተተ! ነገ ዱቄት የምመዝንበት ነው እኮ!"

ሚዛኑ አሮጌ ነው። አይታመንም።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ቀየርኩ። አሁንም የሚከብደው ግራ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የመቅዘፊያው አይደለም፤ የልብሱ የግራ ቦት ነው ማለት ነው። አየር ያስገባል።

ልጄ ከወደቡ ስንመለስ፣ "አባዬ፣ ግራ እግርህን እየጎተትከው ነው" አለች።

"ጫማዬ ነው።"

"ነጠላ ጫማ ነው ያደረግከው።"

"ነጠላ ጫማም ጫማ ነው።"

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

የሩብ ዓመቱ ምርመራ። ዐሥራ ሁለቱንም ምሰሶዎች አንድ በአንድ በእጅ መዳሰስ፤ ስንጥቅ ያለ እንደሆነ መመዝገብ። ክሬኑ የሚቆመው እነሱ ላይ ነው፤ ከባዱ ጭነት የሚነሣው ደግሞ ልክ ሰባተኛው ላይ።

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ሪፖርቱን መገልበጥ አለብኝ።

ስድስተኛው ጋ ስደርስ ባቴ ትንሽ ተኮማተረ። ብርዱ ነው። ምሰሶውን አቅፌ ዐረፍኩ። ልጄ በዚህ መሀል አንድ ጊዜ ስባለች አሉ። እጄ ሥራ ይዞ ነበር። ሦስት ጊዜ ሳልስብ ጎትታ አወጣችኝ። በሰው ፊት!

"መልስ አልሰጠኸኝም" አለች። ገመዱን አሁንም አልለቀቀችም።

"ሥራ ላይ ነበርኩ።"

"ሁለት ጊዜ ሳብኩህ አባዬ። ሁለት ጊዜ።"

ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ በጀልባ እየተጠጋሁ፣ እየወረድኩ ጨረስኩ። ሰባተኛው፦ ደህና።

ታኅሣሥ 5፣ ዓርብ

ሪፖርቱን አስገባሁ። ፈርሜያለሁ።

ሰባተኛው ባለፈው ሩብ ዓመት ደህና ነበር። ኮንክሪት በሦስት ወር አይለወጥም። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ምሰሶ ሲዳስስ የኖረ ሰው ሳያይም ያውቀዋል።

ያልዳሰስኩትን አልፈርምም ብዬ ይህን ሥራ ስጀምር የወደቡ ግንብ ላይ በምስማር ጽፌ ነበር። ጽሑፉ አሁንም አለ። ለምን ዛሬ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

የመቅዘፊያዬ ማሰሪያ ሁለት ቀዳዳ ጠብቆ አገኘሁት። ለቀቅ አደረግኩት። የዕቃ ቤቱ ዘበኛ ይሆናል፤ ዕቃ የሚነካካ ሰው ነው።

ታኅሣሥ 12፣ ዓርብ

እንደገና ጠብቋል። እርጥብም ነው። እኔ ከማክሰኞ ወዲህ አልወረድኩም። ዘበኛውን ብጠይቀው፣ "እኔ ዋና አልችልም ጋሼ፣ ገንዳ እንኳ ያስፈራኛል" ብሎ ማለ። ሲምል ዐይኑ ወደ ልጄ ሄደ። የሰውን ዕቃ መንካቱ ሳያንስ ልጄን ምስክር ሊያደርግ ነው።

ሁለት ካልሲዎቼም ጠፍተዋል። ባለቤቴን ጠየቅኋት። "እኔ ካልሲ አልበላም" አለች።

ታኅሣሥ 17፣ ረቡዕ

ክሬነኛው ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። በጥርሱ ስንጥር ይዟል።

"ዳክዬ፣ የፊታችን ሰኞ የአንድ መርከብ ሞተር ላነሣ ነው። በዚህ ወደብ እንዲህ ያለ ክብደት ተነሥቶ አያውቅም። ምሰሶው እንዴት ነው?"

"ሪፖርቱን አላየህም?"

"ሪፖርት ምን ያደርግልኛል? አንተን እየጠየቅኩ ነው።"

"ፈርሜያለሁ።"

"በቃ። አንተ ከፈረምክ እኔ እያንኮራፋሁ ነው የማነሣው።" ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ሄደ።

ሰባተኛው ደህና ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት ደህና ነበር። ኮንክሪት በሦስት ወር አይለወጥም። ይህን ጽፌዋለሁ።

ነገ ወርጄ አየው ነበር፤ ባቴ ግን ከምርመራው ሐሙስ ወዲህ እንዳበጠ ነው። ብርድ ነው፣ ይለቀኛል።

ታኅሣሥ 19፣ ዓርብ

ሌባውን ልይዝ ጎህ ሲቀድ ወደ ወደቡ ወረድኩ። መቅዘፊያው ማንጠልጠያው ላይ የለም። ገመዴም የለም። ግንቡ ዳር ስደርስ አንዲት ሴት ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣበታለች፤ ገመዴ እጇ ላይ ነው። ባለመነጽሯ።

"የማንን ገመድ ነው የያዝሽው?"

"የእርስዎን። ዝም ይበሉ አባባ፣ ደቂቃ እየቆጠርኩ ነው።"

ውሃውን አየሁ። የትንፋሽ አረፋ ይወጣል፤ እኩል በእኩል፣ ሳይቸኩል፣ ሰባተኛው ምሰሶ አጠገብ። የሚጠልቀው ማንም ይሁን ማን፣ ትንፋሹን የሚያውቅ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ውሃው ደግሞ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት የደለል ብናኝ አልተነሣችም።

የወጣችው ልጄ ናት። የኔ መቅዘፊያ እግሯ ላይ ነው። ሰፍቷት ተረከዙ ላይ ሁለት ካልሲዎች ጠቅጥቃበታለች። የኔን ካልሲዎች።

ብዙ ልናገራት የሚገባ ነገር ነበር። "ቋጠሮውን በተሳሳተ ጎን ነው ያሰርሽው" አልኳት።

"እንደምን አደርክ አባዬ።"

"ስንት ጊዜ ወርደሻል?"

"ዐሥራ አንድ። ከእሷ ጋር ሰባት ወር ተማርኩ። ወረቀትም አለኝ።"

"ወረቀት! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።"

"ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። እስከ መቼ ነው ልጅ የምሆነው?" ጓንቷን አወለቀች። "አባዬ፣ ሰባተኛውን አይተኸዋል?"

"ፈርሜያለሁ።"

"መፈረምህንማ አውቃለሁ። አይተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

ባለመነጽሯ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች፤ ቀና አላለችም።

"ካቀፍከው ምሰሶ ሳወጣህ ስድስተኛው ላይ ነበርክ" አለች ልጄ። "ከሰዓት በኋላ ከስምንተኛው ጀመርክ። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ የት የት እንደሄድክ በገመዱ አውቃለሁ።" የአንድ እጇን አንጓ በሌላው ያዘች። "ስንጥቁ እስከዚህ ያስገባል። ብረቱ ወጥቷል። ዝጎ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል።"

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?"

"ትናንት ነው ያገኘሁት። ዛሬ የወረድኩት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ነው። ተሳስቼ ቢሆን በወደድኩ።"

ያኔ ገንፍዬ መጮህ ነበረብኝ። ገመዴን ወሰዱ፣ መቅዘፊያዬን ወሰዱ፣ ካልሲዬን ወሰዱ። አልጮህኩም። ደረጃውን ስወጣ ልጄ ከግራ በኩል ክንዴን ያዘች። ሰም የለበትም ደረጃው።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

መሐንዲሱ ቤት ሄድኩ። ሕፃን ታቅፎ በሩን ከፈተልኝ። ፊሽካው የለም። "ሰባተኛውን አላየሁትም። ሳላይ ነው የፈረምኩት። ሰኞ ሞተሩ እንዳይነሣ" አልኩት።

ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ።

"ሌላስ ሳያዩ የፈረሙት አለ?"

"የለም። ይህን አንዱን ብቻ።"

"ለምን አባባ?"

ሰበብ አላጣሁም። ብርዱ፣ ልብሱ፣ የግራው ቦት። ሁሉንም በዚህ ደብተር ጽፌያቸዋለሁ። "እግሬ አልደረሰም" አልኩት።

ከዚያ ክሬነኛው ጋ። እሱ ይብሳል። ወንበር ስቦልኝ ነበር፤ ስነግረው ቆሞ ቀረ። ዳክዬ አላለኝም። "አመሰግናለሁ፣ ጋሼ" አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጋሼ ብሎኝ አያውቅም።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ

ሞተሩ አልተነሣም። ሰባተኛው ዙሪያ የብረት ድጋፍ ሊያቆሙ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሲያየኝ ሌላ ቦታ ያያል።

ታኅሣሥ 25፣ ሐሙስ

መሐንዲሱ ጠራኝ። ለፈተናው ማን ይወርዳል አለ። "ልጄ ወረቀት አላት" አልኩት። ስለ እግሬ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም።

መቅዘፊያውን ቤት አምጥቼ ተረከዙ ላይ ከአሮጌው የስፖንጅ ልብሴ ቆርጬ አጣበቅሁበት። ካልሲ ይንሸራተታል፤ የሞኝ ሥራ ነው። ማሰሪያውንም ሁለት ቀዳዳ አጠበቅኩት። ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ አየችኝ፤ መቀሱን አቀበለችኝ።

መቅዘፊያውን የመረጥኩት በትክክል ነው። ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ

የፈተናው ቀን። መሐንዲሱ ካሜራውን ልጄ ራስ ላይ አሰረ። ቋጠሮዋን ፈትቼ በትክክለኛው ጎን መልሼ አሰርኩት። "እንደዚያ አስሬው ነበር እኮ" አለች። አላሰረችውም።

ወረደች። መሐንዲሱ በትንሿ ቴሌቪዥን ያያል። እኔ አላየሁም፤ ገመድ የያዘ ሰው ገመድ ነው የሚያየው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ምሰሶ። "ደለሉን አልነካችም" ይላል መሐንዲሱ ለራሱ። ሊደነቅ አይገባውም፤ መቅዘፊያው የሚሰጥም ነው።

ክሬነኛው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዘጠኝ ቀን አላናገረኝም ነበር።

"ገመዱን አወጠርከው ዳክዬ። ላላ አድርገው።"

"አንተ ክሬንህን ንዳ።"

"የታለ ክሬን? አስቁመኸዋል።" ስንጥሩን ከጥርሱ አወጣ። "ደህና አደረግክ።"

ስድስተኛው። ሰባተኛው። ገመዱ ቆመ።

አንድ ጊዜ ሳብኩ። መልስ የለም። የብረት ድጋፉ መሀል እጇ ሥራ ይዞ ይሆናል አልኩ። ይህን ቃል የት እንደሰማሁት ዐውቃለሁ። ግንብ ላይ ቆሞ፣ ከማይታይ ሰው የሚመጣ መልስ መጠበቅ እንዲህ ረጅም መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ዘጠኝ ዓመት ገመዴን ስትይዝ ነግራኝ ይሆናል። ጮክ ብላ ግን አልተናገረችም።

ሁለተኛ ልስብ እጄን ሳነሣ ገመዱ መዳፌ ላይ ተንቀሳቀሰ። አንድ ጊዜ። ደህና ነኝ ማለት ነው። ቀጥሎ፣ ገና ሳልተነፍስ፣ እንደገና አንድ፤ ይኸኛው መልስ አይደለም፣ ጥያቄ ነው። አንተስ?

አንድ የተሳበለት አንድ ይመልሳል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግራ እግሬን ግንቡ ላይ አስደግፌ አንድ ጊዜ ሳብኩላት።